ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር

መስከረም 18

የጥገናው መጽሐፍ ገና መግቢያው ላይ «ብልሽቱ የታየበትን ቀን፣ የመንገዱንና የአየሩን ሁኔታ ይመዝግቡ» ይላል። ይኸው መዘገብኩ። ዛሬ ቫኑን ሰው ሞልቼ ከናሪን ወደ ዋና ከተማው ወደ ቢሽኬክ ስወጣ ዶሎን ዳገት ላይ ጉልበት ከዳው። ነዳጅ ብረግጥ ብረግጥ አይሰማም። በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ወጣልኝ። ጫፉ ላይ አቁሜው ትንሽ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልነካው ሆነ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ መኪናህ ጾም ይዟል?» አሉኝና ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም።

ለሱዩምካን አልነገርኳትም። ሃያ ዓመት ሙሉ «የቱርዳኩን መኪና በብርድ ቆሞ አያውቅም» እያልኩ ስፎክርባት የኖርኩ ባል፣ አሁን ከየት እጀምራለሁ?

መስከረም 23

ጁማዲል ደወለ። የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከቂዝል-በል ዳገት ማዶ እናታቸውን እየጦረ ይኖራል። እናትየው ከሾርባ በቀር የሚወርድላቸው ነገር የለም አለ። «ሱዩምካንን አምጡልኝ ነው የሚሉት። ሌላ ቃል የለም» አለ።

ሱዩምካን ስልኩን ዘግታ አላለቀሰችም። ዱቄት አውጥታ በዘይት ለሚጠበሰው ለቦርሶክ ሊጥ ማቡካት ጀመረች። ልጅ ወደ እናቷ ቤት ባዶ እጇን አትሄድም። «ሰኞ እኔ ራሴ እወስድሻለሁ» አልኳት።

መስከረም 27

አልደረስንም።

መስከረም 28

ትናንት መጻፍ አቃተኝ። ዛሬ ልሞክር።

በግ ከኋላ አስረን፣ ቦርሶኩን በጨርቅ ቋጥረን በማለዳ ወጣን። ሱዩምካን ለክብር ቀን የምታስረውን ነጭ ሻሿን አስራለች። መንገዱን ሁሉ ስለ እናቷ ስታወራኝ ነበር፤ ልጅ ሆና ወተት ደፍታ እናቷ እንዴት ከአባቷ እንደደበቀቻት። ቂዝል-በል ግርጌ ስንደርስ እንደ ዶሎኑ ቀን ጀመረው። ጉልበቱ አለቀ፣ ተንፈቀፈቀ፣ ጠፋ። ማስነሻ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ቆመን ጠበቅነው፤ ሲቀዘቅዝ ተነሳ። ጥቂት ወጥቶ ደግሞ ጠፋ። እንደገና ጠበቅን፣ እንደገና ጠፋ። በዚህ አካሄድ ጫፉ ላይ ሳንደርስ እንደሚመሽብን ገባኝና አዞርኩት። ሱዩምካን ዞራ በኋላው መስታወት ተራራውን ስታይ ቆየች። በጉ ብቻ ይጮህ ነበር።

ኦሞር ጎረቤቴ ነው፣ በአንድ መስመር ነው የምንሠራው፤ ምላሱ ተናካሽ ነው እንጂ ልቡ ደግ ነው፤ ስሜን አቆላምጦ ቱኬ ይለኛል። «ቱኬ፣ የእኔን መኪና ውሰድና እናቷን አሳያት። ያንተን ስትመለስ ትፈታታዋለህ» አለኝ። እምቢ አልኩ። የቤቱ አማች በሰው መኪና ተለምኖ መጣ ሊሉኝ ነው? ሳምንት ይበቃኛል፣ እደርስበታለሁ አልኩ። ሱዩምካን በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ወደ ውስጥ ገብታ የቋጠረችውን ቦርሶክ ፈታችው። ምነው «ውሰደው» ባለችኝ ኖሮ።

ጥቅምት 5

የናፍጣውን ማጣሪያ ፊልትሮ ቀየርኩ። ቧንቧውን ከናፍጣ ጋኑ እስከ ሞተሩ በእጄ ዳሰስኩ፣ አየር የሚያስገባበት የለም። በብርድ ይነሳል። ሲሞቅ ይጠፋል። ሳምንቱ አለቀ።

ጥቅምት 6

ይህ መጽሐፍ ሰው ቢሆን ወዳጄ አደርገው ነበር። አይቸኩልም፣ አይቆጣም። «እንዲህ ከሆነ ወደዚህ ገጽ ሂድ፣ ካልሆነ ወደዚያ» ይላል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ማለት ይኸው ነው።

ዛሬ ያዘዘኝ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን የአራቱን ኢንጀክተር መመለሻ ቧንቧ እየነቀልኩ አራት ጠርሙስ ውስጥ እንድከት ነው። ሞተሩ ሲሠራ ወደ ኋላ የሚመለሰው ናፍጣ ይለካል፤ አንዱ ጠርሙስ ከሌሎቹ በልጦ ከሞላ ያ ኢንጀክተር ታሟል ማለት ነው። ኦሞር በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ቱኬ ቫኑን ማለብ ጀመረ። ከረጋልህ ለእኔም አንድ ጠርሙስ» አለ። አራቱም እኩል ሞሉ፤ ግን አራቱም ከልክ በላይ። መጽሐፉ እንዲህ ሲሆን ናፍጣው ቀጥኖ ይሆናል ይላል፤ ቀጥሎም ይጠይቃል፦ «ናፍጣው ላይ ላምባ ይጨመራል?»

አይጨመርም ብዬ ገጹን ገለበጥኩ። አምና ይህን ቫን ስገዛ ሻጩ አደራ ያለኝ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው። የዚህ ሞተር ፓምፕ ሌላ ቅባት የለውም፤ በራሱ በናፍጣው ነው የሚለሰልሰው። ላምባ ደረቅ ነው፣ ይበላዋል። በእኛ አገር ሾፌር ውርጭ ሲጀምር ናፍጣው እንዳይረጋበት ላምባ ሳይጨምርበት አያድርም፤ ለአሮጌዎቹ መኪናዎች መድኃኒት ነው። እኔ ግን ለዚህኛው ጠብታ አላስነካሁትም። ከዚህ በፊት ለነበረችኝ ለአሮጌዋም ቢሆን ጨምሬላት አላውቅም፤ ጓደኞቼ በእሳት ሲያሞቁ የእኔ ዝም ብላ ትነሳ ነበር። ምሥጢሩን ሲጠይቁኝ «መኪና ባለቤቱን ያውቃል» እላቸዋለሁ።

ጥቅምት 9

ሱዩምካን ኮፈኑ ሥር እንዳጎነበስኩ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «የጂፓራ አባት፣ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። ጂፓራ ልጃችን ናት፤ ሞስኮ ነው የምትሠራው። እንግዲህ ስለ ግፊት፣ ስለ መመለሻ ቧንቧ፣ ስለ አራቱ ጠርሙስ ከየት ጀምሬ ላስረዳት?

«ብርዱ ነው» አልኳት።

«ብርዱ?»

«አዎ፣ ብርዱ ነው የገደለው።»

ራሷን ነቀነቀች። ነገሩ የገባት መሰለች፤ ስትመለስ ፊቷ እንኳ ትንሽ ፈካ ብሎ ነበር። ማታ በጎቹን አይታ ስትገባ እጇ በረዶ ሆኗል። በሳሙና ታጥባ መጣች፣ በሁለት እጄ መሃል ይዤ አሞቅኩላት። በዚህ ወር ያደረግኩላት ደግ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ጥቅምት 12

አሮጌውን ፊልትሮ በመጋዝ ከፈትኩት። ወረቀቱን ዘርግቼ በጣቴ ባሸው ብልጭ ብልጭ የሚል የብረት ብናኝ ተጣበቀብኝ። የዓሣ ቅርፊት ነው የሚመስለው። ፓምፑ ራሱን እየበላ ነው። ያውም ፊልትሮው ላምባ ላምባ ይሸታል።

እኔ አልጨመርኩም። ታዲያ ማን? ናፍጣ የምቀዳው ከሻይሎቤክ ነው፤ በመንገዱ ዳር ሁለት መቅጃ ያላት ትንሽ ማደያ አለችው። ሰው እንደዚያ ይጨክናል?

ጥቅምት 20

ከቢሽኬክ ገበያ ያገለገለ ግን ደህና ፓምፕ አገኘሁ። ጋኑን አውርጄ አጠብኩ፣ ቧንቧውን በአየር ነፋሁ፣ መጽሐፉ ያለውን አንድ በአንድ አደረግኩ። ተነሳ። ድምፁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና። ሱዩምካን ከቤት ወጥታ አጨበጨበች። እንደዚያ ስታጨበጭብ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

ጁማዲል ደውሎ ነበር። እናትየው ሾርባ ጠጥተው ተቀምጠዋል፣ ትንሽ ይሻላቸዋል አለ። መጽሐፉ አዲስ ፓምፕ ዳገት ከመውጣቱ በፊት ሜዳ ላይ ይሞከር ይላል። ሁለት ሳምንት ሜዳ ላይ ልሞክረውና እንሂድ አልኳት። «እሺ» አለች። አሁን አሁን እሺ የምትለኝ ነገር ያስፈራኛል።

ኅዳር 2

ተመለሰ። ያው በሽታ። ሲሞቅ ጠፋ።

ኅዳር 5

ሻይሎቤክ ጋ ሄድኩ። ወረፋ ነበር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ላምባ እየበረዝክ ትሸጣለህ» አልኩት። ሰውዬው ፊቱ ተለወጠ። ከጓዳው ዳቦ አምጥቶ በሁለት እጁ ያዘና «በርዤ ከሆነ ይህ ዳቦ ይምታኝ» ብሎ ማለ። በዳቦ የሚምል ሰው አይዋሽም፤ ይህን እያወቅኩ «ሌባ ሁሉ ይምላል» አልኩት። ሦስት ሾፌሮች ሳይቀዱ መኪናቸውን አዙረው ሄዱ።

ስመለስ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

ኅዳር 12

ጋኑን አጥቤ ከከተማው ትልቅ ማደያ ሞላሁ። በማግስቱ ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ፤ ላምባ። ኦሞርን ጠርቼ አሽትት አልኩት። «ቱኬ፣ አንተ ራስህ ላምባ ላምባ ትሸታለህ፤ አፍንጫህ ውስጥ ገብቷል። ይልቅ የእኔን መኪና ውሰድና ሴትዮዋን አሳያት» አለኝ። ሁለተኛ ጊዜው ነው። እስከ ፊታችን እሁድ ካልተሳካልኝ እሺ አልኩት። ለሱዩምካንም ነገርኳት። 

ኅዳር 17

እሁድ አንድ ነገር መጣ፣ ሰኞ በረዶ መንገዱን ዘጋው።

ኅዳር 20

ጠዋት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጡ። በሰልፍ ገቡ፣ ቆባቸውን አላወለቁም፣ ተቀመጡ። እንዲህ ሆነው የሚመጡት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ጁማዲል ሌሊት ለእነሱ ደውሎ ኖሯል፤ በእኛ ወግ እንዲህ ያለው ነገር ለልጅ በስልክ አይነገርም። ትልቁ ሽማግሌ ስለ ዛፍ ጀመሩ፤ ዛፍ ሲያረጅ ይወድቃል፣ ሥሩ ግን ይቀራል አሉ። ሱዩምካን እስኪጨርሱ አልጠበቀችም። ሻይ ልታቀርብ የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችና ጮኸች።

ጁማዲል ሬሳውን አንድ ቀን አቆይቶ ሊጠብቃት ቃል ገብቷል። ኦሞር ቢሽኬክ ነው፣ መኪናው የለም። ያለኝ ቫኑ ነው። መንገዱ ትናንት ተከፍቷል፤ አሁን እንነሳለን።

ኅዳር 24

ልጻፈው። ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ቂዝል-በል ላይ ጠፋ። ከግርጌው አልፎ፣ ከግማሽ በላይ ወጥቶ፣ ማዶው ሊታየን ሲል ጠፋ። ኮፈኑን ከፍቼ በረዶ በእፍኜ እያፈስኩ ፓምፑን አበረድኩት። ተነሳ፤ ከመታጠፊያው ሳያልፍ ጠፋ። ደግሞ አበረድኩት። ሱዩምካን ወርዳ በእግሯ ሽቅብ መሄድ ጀመረች። ሮጬ ይዤ መለስኳት። ያኔ ነው በስሜ የጠራችኝ። እኛ ዘንድ ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም። ከተጋባን ጀምሮ አድርጋው አታውቅም። «ቱርዳኩን፣ ልቀቀኝ» አለችኝ። ጮክ ብላ እንኳ አይደለም።

ድርቆሽ የጫነ መኪና በማግስቱ ማለዳ አወጣን። ቀብሩ አልቆ ነበር። በረዶው እየመጣ ነው፣ መሬቱ በውርጭ ሳይደርቅ ብለው ሕዝቡ ወስኗል፤ ጁማዲል ከዚያ በላይ ማስቆም አልቻለም። እኔ እንደ ወጉ በትር ተደግፌ ከሩቅ እያለቀስኩ መጣሁ፤ ወንዶቹ ግራና ቀኝ ደገፉኝ። ለወጉ ልጀምረው እንጂ ልቅሶው የእውነቴ ነበር።

ሴት መቃብር አትወርድም። ስለዚህ ሱዩምካን እናቷን በአፈር ሥር እንኳ አላየችም። ሬሳው ወዳረፈበት የሱፍ ድንኳን ገባች። የጋረዱበት ጨርቅ ገና አልወረደም፣ የተኙበት ቦታ ባዶውን ተነጥፏል። እዚያ ባዶ ቦታ ፊት ተቀምጣ ሙሾዋን አወረደች። ከውጭ ሆኜ ሰማኋት። «ሾርባሽን ሳላቀርብልሽ፣ ፀጉርሽን ሳልፈታልሽ» ትላለች። እኔን አልወቀሰችም። በሙሾዋ ውስጥ ስለ እኔ አንድ ቃል የለም።

ጁማዲል ግን ሰው በተሰበሰበበት ነገረኝ። ሁልጊዜ ጋሼ የሚለኝ ልጅ ነው። «እናቴ እስከ መጨረሻው ትንፋሿ በሩን ታይ ነበር» አለኝ። «አንተ መጽሐፍ ታነባለህ።» ሽማግሌዎቹ ዝም አሰኙት።

ታኅሣሥ 6

ቫኑ ግቢ ውስጥ በረዶ ለብሶ ቆሟል። መጽሐፉን አልከፈትኩትም። ሱዩምካን ታበስላለች፣ ታቀርባለች። «ብላ» ትላለች። የጂፓራ አባት አትለኝም፤ በስሜም አትጠራኝም።

የኦሞርን መኪና ያን ቀን ብወስድ ኖሮ። ይቺን አንዷን ሳገላብጥ ነው የሚነጋው።

ታኅሣሥ 14

ወደ ቀብሩ የሄድን ቀን፣ ዳገት ላይ ከመጥፋቱ በፊት የጋኑን ክዳን ከፍቼ አሽትቼው ነበር። ካለፈው ሁሉ የባሰ ነው የሸተተው። ይህን ለምን አሁን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ታኅሣሥ 29

ትናንት የእናትየው አርባ ነበር። በኦሞር መኪና ሄድን። አሁንማ ማንስ ምን ቢል።

ወንዶቹ እንደ ወጋችን ለአርባው ፈረስ አርደው ሲበልቱ እኔ ከሱፉ ድንኳን ጀርባ እንጨት እፈልጥ ነበር። ሴቶቹ ውስጥ ተቀምጠው ሥጋ ይከታተፋሉ። ሱፍ ድምፅ አይከለክልም። የሱዩምካን ታናሽ እህት በክፋት ሳይሆን፣ ልታስቃት ብላ ይመስለኛል፣ «ያ የማይቆመው መኪናችሁ ምን ነካው?» አለቻት። መጥረቢያውን አስቀመጥኩ። መስማት አልነበረብኝም።

ሱዩምካን «እሱ የማይቆመው በእኔ ነበር» አለች። ከዚያ ነገረቻቸው። «ሃያ ዓመት ነው። ውርጭ በጣለ ማታ ሁሉ በጎቹን አያለሁ ብዬ እወጣና አንድ ጣሳ ላምባ ጋኑ ውስጥ እጨምርለታለሁ። ደክሞት ገብቶ ይተኛል፣ ይረሳዋላ። ጠዋት ተነስቶ ሲበርለት ‹መኪና ባለቤቱን ያውቃል› ይላል። ለሰው ሁሉ ሲፎክር እሰማዋለሁ። ምን አለበት፣ ደስ ይበለው አልኩ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ከኅዳር ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ሳቋ ተቆረጠ። «ዘንድሮ ብርዱ ነው አለኝ» አለች። «እኔም እጥፍ አደረግኩለት። ወደ እማዬ የሄድን ቀን ደግሞ ሦስት ጣሳ። እንዲያደርሰኝ ብዬ። እሱም አልሆነ።»

እንጨቱ ላይ ተቀመጥኩ። ልቤ ተሰበረ። ጁማዲል በዚያ ሲያልፍ አይቶኝ «አሁንም ስለ መኪና ነው የምታስበው?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

ጥር 2

ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዤ ዞርኩ። ብናገረው ሁሉም ነገር ከላዬ ላይ ይወርዳል። ጁማዲል ጋሼ ይለኛል። ኦሞር አያሾፍብኝም። መጽሐፉ ልክ ነበር፣ እኔም ልክ ነበርኩ።

እሷስ? የእናቷን ፊት ያስከለከላት የገዛ እጇ መሆኑን አውቃ እንዴት ታድራለች? ያውም የሃያ ዓመት ፍቅሯ ነው። አንድ ቀን አመስግኛት አላውቅም፤ ማድረጓን መች አወቅኩና። «ምን ሆኖ ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ደግሞ ለማስረዳት ታክቶኝ ብርዱ ነው ያልኳት ራሴ ነኝ። ያን ቀን ቁጭ ብዬ «ላምባ ከገባበት ይሞታል» ብላት በቃ ነበር። ለመንገዱ ሾፌር ሁሉ ያስተማርኩትን ለሚስቴ ሰሰትኩ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ቢነቅዝም በእኔ ሆድ ነው።

ጥር 8

ሻይሎቤክ ጋ ሄጄ ወረፋው ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት። የሰደብኩት በሰው ፊት ነውና ይቅርታውም በሰው ፊት ነው። «ያንተ ናፍጣ ንጹሕ ነው፤ በሐሰት ነው ያዋረድኩህ» አልኩ።

«ታዲያ ላምባው ከየት መጣ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

«ከየት እንደመጣ ሳታውቅ ከእኔ እንዳልመጣ በምን አወቅክ?»

ብልህ ሰው ነው። ዓይን ዓይኔን አየኝና ምን እንዳነበበ እንጃ፣ ሌላ አልጠየቀም። ወደ ጓዳው ወስዶ ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ። እስከ ፍርፋሪው በላሁት።

ጥር 13

ቫኑን ብጠግነው ምን ዋጋ አለው? ውርጭ በጣለ ማታ ትወጣለች። ጋኑ ላይ ቁልፍ ባደርግ ለምን ትላለች። ላምባ አይወድም ብላት «ከመቼ ጀምሮ?» ትለኛለች፤ ሱዩምካን ደግሞ ቆጠራ አይጠፋትም፣ አንድ ሌሊት ይበቃታል ሁሉን አገጣጥማ ለመድረስ። ከዚያ ወዲያ የማልመልሳት ቦታ ትሄዳለች። ሌላ መንገድ ማሰብ አለብኝ።

ጥር 20

ቫኑን ለወጥኩት። ከኢሲክ ኩል ሐይቅ ዳር በመጣ ሰው አሮጌ ቫን፤ ዕድሜዋ ከጂፓራ የሚበልጥ፣ አንድ በሯ በሽቦ የታሰረ፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ያልነካት። ፓምፗ በራሱ ዘይት የሚለሰልስ የድሮ ፓምፕ ነው። ላምባ ቢያጠጧት እንደ ወተት ትጠጣለች። ለሰውዬው የእኔን ብልሽት ከነምክንያቱ ነገርኩት፤ ሩቅ አገር ነው፣ ወሬው እዚህ አይደርስም። መጽሐፉንም መረቅኩለት።

ኦሞር አጥሩ ላይ ተደግፎ አያት። ዞሯት። ጎማዋን በእግሩ መታ። «ቱኬ» አለ፣ «ፈረስ ሰጥቶ ፍየል የሚቀበል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ሐዘኑ ነው? ለሐኪም ልንገርልህ?» ሾፌሮቹ ሁሉ በእኔ እየተሳሳቁ ነው አሉ። ይሳሳቁ። ጁማዲልም ሰምቶ «ያኔውኑ ቢሸጠው ኖሮ» አለ አሉ። እውነቱን ነው።

ጥር 21

ሱዩምካን ዛሬ ማታ ሻይ ቀድታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ሁልጊዜ ሰጥታኝ ነበር የምትሄደው።

«ለምን ለወጥከው?» አለችኝ።

ያኛው ራሴን እንዳዞረኝ፣ ለዚያ ሁሉ ቁልፍና መብራት እንዳረጀሁ ነገርኳት። ሰማችኝ። መጀመሪያውኑ ያ መጽሐፍ ነው ያጠፋህ አለች። እሱ ነው አልኳት። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች፤ ሰማዩ ጠርቷል፣ ሌሊቱን ውርጭ ሊጥል ነው።

«ይቺኛዋስ» አለች፣ «ብርድ ትፈራለች?»

ሃያ ዓመት ሙሉ የእኔ መኪና ብርድ አይፈራም ያልኩ ሰው ነኝ።

«ትፈራለች» አልኳት። «በጣም ትፈራለች። ጠዋት እንዴት እንደማስነሳት እኔ እንጃ።»

ሻይዋን ሳትጨርስ ብድግ አለች። ሻሿን አጥብቃ አሰረች፣ ወፍራሙን ካፖርት ደረበች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ሳትል «በጎቹን አይቼ ልምጣ፣ አንተ ደክሞሃል፣ ተኛ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ለመስኮቱ ጀርባዬን ሰጥቼ ተኛሁ፤ እስክትመለስም ዓይኔን አልገለጥኩም።